ምክር ከዘር በፊት ይድረስ



 ነገሩ ሐሺሽ፣ ጋንጃ ወይም ካናቢስ እየተባለ ስለሚጠራው ተክል ነው። ዳሩ ግን እኔ የምጽፈው ስለ አጫሹ ሳይሆን ስለ ዘሪው ነው። ስለ አጫሹ ብዙ ተጽፏል። በገደል አፋፍ፣ በጥሻ ወይም በበቆሎ መካከል ሸሽጎ ስለሚዘራው ወጣት ግን የምንሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ይኸውም ተክሉ ተነቀለ፣ ተቃጠለ፣ ባለማሳውም ተያዘ የሚል ነው።

የወሬውን ጊዜ ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ ሁልጊዜ የሚመጣው ተክሉ ካደገ በኋላ ነው። የእርሻ ነገር የሚቆረጠው ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። በጎጃም ደጋ የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ያወጣል፤ መሬቱን ይገምሳል፤ የቱ ማሳ ለጤፍ፣ የቱ ለስንዴ፣ የቱ ለበቆሎ እንደሚሆን ከቤተ ሰቡ ጋር ይመክራል። ተሸሽጎ የሚዘራውም ቢሆን አሳቡ የሚጠነሰሰው በዚሁ ወራት ነው። እንግዲህ ምክራችንም ፖሊሳችንም የሚደርሱት በጥቅምት ከሆነ ሰባት ወር ዘግይተናል ማለት ነው።

የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ በዲማ ነው። ዲማ ጊዮርጊስን የማያውቅ የተማረ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም፤ በዓይኑ ያላየው እንኳ በክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ አግኝቶታል። የማስተምረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ባለፈው የበልግ ወራት ስለ አፈር ዓይነቶች ስናነሣ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ቀልድ የማያውቅ ልጅ፣ እጁን አወጣና «መምህር፣ በሻሸመኔ በኩል በበቆሎ መካከል የሚዘሩት ነገር በእኛ አፈር አይበቅልም ወይ? ዋጋው ከጤፍ ይበልጣል ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታትም ፈቅዶታል አሉ» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እርሱ ግን አልሳቀም። «ዝም በል፣ ነውር ነው» ብሎ ማስቀመጥ ቀላል ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ በነውር ቢዘጋ ልጁ መልሱን ከገበያ መፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ በማግስቱ የመለስሁለትን ለእናንተም አቀርበዋለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት ፈቀደ የተባለው እውነቱ ይህ ነው። የድርጅቱ የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ኅዳር 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ካናቢስን በአውሮፓ አቆጣጠር የ1961ዱ ስምምነት እጅግ አጥብቆ ከሚቆጣጠረው ከአራተኛው ሰንጠረዥ አውጥቶታል። በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ውስጥ ግን እንዳለ ነው። ውሳኔው ለሕክምናና ለምርምር በር ከፈተ እንጂ ማንም በጓሮው ይዝራ አላለም። የአገራችን ሕግ ደግሞ አልተለወጠም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከልክሎት ነበር፤ የ1996ቱም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ማምረቱን፣ መነገዱንና መጠቀሙን ከልክሏል። ልጁ ይህን ሲሰማ «ታዲያ የነገረኝ ሰው ይህን ለምን አልነገረኝም?» አለ። እኔም ያ ሰው ማን እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም፤ ብጠይቀው ኖሮ ወሬው እዚያው ላይ ይቆም ነበር።

ሻሸመኔን በሚመለከት ደግሞ በከተማ ብዙ ያልተጣራ ነገር ይወራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ገደማ በጣልያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ በውጭ አገር ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች በዚያ 5 ጋሻ መሬት ሰጡ። ከጃማይካና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ሰፈሩበት፤ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ አብዛኛውን መሬት አጡ። ከእነርሱ መካከል ቅጠሉን ከጸሎታቸው ጋር አያይዘው የሚያጨሱ መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ሕጋችን ግን ለዚህ የተለየ ፈቃድ አይሰጥም። ነገሩን እነርሱ አመጡት የሚለው ወሬ ግን ትክክል አይደለም። በጣና አካባቢ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ ዋሻ ከተባለ ስፍራ (የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ አይደለም) በተቆፈሩ የሸክላ ማጨሻዎች ላይ የካናቢስ ርዝራዥ ተገኝቶ፣ ዘመኑም ወደ 14ኛው ምዕት ዓመት እንደሚጠጋ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ታትሞ ወጥቷል። ስለዚህ የሩቅ ሰው ያመጣብን መቅሠፍት እያልን ራሳችንን ባናጽናና ይሻላል። በሻሸመኔ ዙሪያ ዛሬ በሌላ ሰብል መካከል ሸሽጎ የሚዘራውም ብዙው የዚያው አገር ገበሬ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የዋጋው ጥያቄ ነበር። ተማሪዎቹ «ጫትስ?» ይላሉ። ጫት በባሕር ዳር ዙሪያ በግልጽ ይተከላል፣ በግልጽ ይሸጣል፣ ወደ ውጭም ይላካል፤ መንግሥት ቀረጥ ይሰበስብበታል። ይህን ክደን ልጆቹን ማሳመን አንችልም። እኔ ያልኋቸው እንዲህ ነው፦ ጫት የዘራ ገበሬ ነጋዴው ቢያታልለው ይከራከራል፣ ሽማግሌ ይጠራል፣ ቢብስም ይከሳል። ሐሺሽ የዘራ ግን ገዢው ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስበት፣ ጨርሶም ባይከፍለው፣ ወደ ማን ይጮኻል? ከፍ ያለ ነው የሚባለው ዋጋ የቅጠሉ ዋጋ አይደለም፤ የእስር ቤቱ ዋጋ ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው ከከተማ መኪና ይዞ የሚመጣው ሰው ሲሆን፣ እስር ቤቱ የሚደርሰው ከቦታው መንቀሳቀስ ለማይችለው ነው። መኪና ይሸሻል፤ ማሳ አይሸሽም።

የማን ማሳ? ይህን በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ እንድታስቡት እፈልጋለሁ። በአማራ ክልል ጠቅላላ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከፊቴ የሚቀመጡት ተማሪዎች በሙሉ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ናቸው። ከአባትና ከእናታቸው ይዞታ ላይ ከሚቆረስላቸው በቀር የኔ የሚሉት መሬት የላቸውም፤ ያም ለአራት ለአምስት ወንድማማች የሚከፈል ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጸጥታው ምክንያት ትምህርት በየጊዜው ተቋርጦባቸዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ሸሽጎ ቢዘራ የሚዘራው በእናቱ በቆሎ መካከል ነው። ነገሩ በተገኘ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ነው፤ በደብተሩ ላይ ያለው ስምና ፎቶግራፍ የእርሷ ነው። ቅጠሉን አይታው የማታውቅ፣ አረም መስሏት ልትነቅለው ስትል «ተይው እናቴ፣ መድኃኒት ነው» የተባለች ሴት በመርማሪ ፊት ቆማ ምን ትላለች?

መድኃኒት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእኛ አገር ሰው አእምሮን ስለሚለውጥ ዕፅ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት አብሾ ይጠጣ እንደ ነበር፣ ትምህርት እንዲገባው ተብሎ ጠጥቶ አእምሮውን የሳተ ተማሪም እንደ ነበር በጎጃም ያልሰማ የለም። ታዲያ ዕፀ ፋርስ የሚለውን ስም አንዳንዱ በየቆሻሻ መጣያው ለሚበቅለው ለአስተናግር ይሰጠዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለሐሺሽ። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ተክሎች ናቸው። አስተናግር አፍ የሚያደርቅ፣ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ፣ የሚያስቃዥ፣ ሲበዛም የሚገድል መርዝ ነው። ስሙን ብቻ ሰምቶ የአስተናግርን ፍሬ የሚቀምስ ልጅ ቢኖር ጥፋቱ የመዝገበ ቃላታችን ነው እላለሁ። በስብሰባ ላይ «አንዳንድ ጎጂ ዕፆች» እያልን በደፈናው መናገራችን ማንንም አይጠብቅም።

ስለ ጉዳቱም ቢሆን እውነቱ በልኩ ይነገር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራኖቻችን ስለ መጠጥ ክፋት ሲያስተምሩን አሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920 መጠጥን በሕግ መከልከሏን በኩራት ይነግሩን ነበር። በ1933 መልሳ መፍቀዷን ያነበብሁት ግን ራሴ ነኝ፤ ከዚያም ወዲያ የነገሩኝን ሌላውን እውነት ሁሉ መጠርጠር ጀመርሁ። ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ ጊዜ ያጨሰ ሁሉ ያብዳል አልላቸውም። የወጣት አንጎል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እድገቱን እንደማይጨርስ፣ በዚህ ዕድሜ አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ለአእምሮ ሕመም ያለው አደጋ ከፍ እንደሚል፣ ትምህርቱንም መያዝ እንደሚያቅተው እነግራቸዋለሁ። ይህ እውነት በራሱ በቂ ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

ወደ ዘሪው ልመለስና፣ የሞሮኮን ነገር ላንሣ። በሪፍ ተራሮች ገበሬዎች ለብዙ ትውልድ ይህን ተክል በሕገ ወጥ መንገድ ሲያመርቱ ኖረዋል። መንግሥቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ለሕክምናና ለኢንዱስትሪ የሚሆነውን በፈቃድ እንዲመረት ሕግ አወጣ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ መሐመድ ስድስተኛ በዚህ እርሻ ምክንያት ለተፈረደባቸው፣ ለተከሰሱና ለሚፈለጉ ከ4,800 በላይ ሰዎች ምሕረት አደረጉ። እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆናችሁ «የሚፈለጉ» የሚለውን ቃል አስተውሉት። የሚፈለግ ሰው መታወቂያ ለማውጣት ወደ ጽሕፈት ቤት አይሄድም፤ ልጁን ለማስመዝገብ አይቀርብም፤ ቢበደልም አቤት አይልም። ሌሶቶም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 ለሕክምና የሚሆነውን ለማምረት ፈቃድ መስጠት ጀምራለች፤ ፈቃዱን ማግኘት የቻሉት ግን ብዙ ገንዘብ ያላቸው ኩባንያዎች ናቸው እንጂ ትንሹ ገበሬ አይደለም። ይህን የማነሣው እኛም እንፍቀድ ለማለት አይደለም። «አንድ ቀን ይፈቀዳልና ዛሬ ልጀምር» የሚል ወጣት ካለ፣ በተፈቀደ ቀን ትርፉ ለእርሱ እንደማይሆን እንዲያውቅ ነው።

የተዘራው የሚጨሰው በከተማ መሆኑንም አንርሳ። ገዢ ባይኖር የሚዘራ አይኖርም። ከቢሮ ወጥተን ስንገናኝ የባላገሩን አለማወቅ እያነሣን እናዝናለን፤ የእኛው ልጅ በኪሱ የሚይዘው ቅጠል ከየት ማሳ እንደ መጣ ግን አንጠይቅም። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር በደመወዝ የሚተዳደር አባት ልጁን ሲቆጣ ስለ ልጁ ጤና ብቻ ሳይሆን ስለዚያች ስለ ማሳዋ ባለቤትም ቢነግረው እወዳለሁ።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ነገር አይደለም። የግብርና ባለሙያዎች በየቀበሌው በመጋቢትና በሚያዝያ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ገበሬውን ይሰበስባሉ። በዚያው ስብሰባ ላይ ሩብ ሰዓት ወስደው የሐሺሽንና የአስተናግርን ሥዕል ለየብቻ ያሳዩ፤ ስማቸውን ለየብቻ ይጥሩ፤ ይህ ተክል በማሳው የተገኘበት ሰው በሕግ ምን እንደሚጠብቀው ያንብቡ። እናቶችም ይጠሩ፤ ደብተሩ የእነርሱም ነውና። በማሳው ላይ ሌላ ሰው የዘራበትን ያየ ገበሬ ሳይፈራ የሚያመለክትበትና ማመልከቱ ራሱን ወንጀለኛ የማያደርግበት አሠራር በፍትሕ ጽሕፈት ቤቶች በኩል በግልጽ ይነገር። ፖሊስም በጥቅምት ካቃጠለው ጭስ ይልቅ በሚያዝያ ያስጠነቀቀውን ሰው ብዛት በሪፖርቱ ላይ ቢጽፍ ደስ ይለኛል።

ያ ተማሪ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። በትርፍ ሰዓቱ ከአጎቱ ጋር ንብ ማነብ ጀምሯል፤ ሦስት ዘመናዊ ቀፎ አላቸው፤ ለአራተኛው እንጨት እየፈለጉ ነው።


አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከዲማ፣ ምሥራቅ ጎጃም