ከከሰል ጭስ በኋላ ያሉት ሳምንታት፦ ለ‹‹ነቅቷል፣ ይሂድ›› የተሰጠ ምላሽ

‹‹ነቅቷል፣ ራሱን ችሎ ቆሟል፣ ጣቱ ላይ ያለው መለኪያም 98 ይላል፤ ይሂድ።›› በከሰል ጭስ ታፍኖ ለመጣ ሕመምተኛ እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት ቀላል ነው። ውርጭ በወረደ ቁጥር ማንደጃ መኝታ ቤት በሚገባባቸው በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ግን ፍርዱ መመርመር አለበት።

የጣቱ መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሂሞግሎቢን (ካርቦክሲሂሞግሎቢን) ኦክስጅን ከተሸከመው አይለይም፤ 98 ማለቱ ምንም አያረጋግጥም። ‹‹እንግዲያው ካርቦክሲሂሞግሎቢን ከደም ይለካ›› የሚሉ አሉ። መመረዙን ለማወቅ ይጠቅማል፤ የነገውን ለመተንበይ ግን ቁጥሩ ደካማ ነው። መርዙ በተራ አየር በአራት በአምስት ሰዓት፣ በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ደግሞ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ፍለጋው ሲታከልበት ላቦራቶሪው የሚያየው ከጉዞው የተረፈውን እንጂ የሌሊቱን መርዝ አይደለም። ዝቅተኛ ቁጥር የወጣለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከማንደጃው ጋር ያደረ ሊሆን ይችላል።

ዘግይቶ የሚመጣው የአንጎል ችግር የሚጀምረው ሕመምተኛው ደህና መስሎ ከከረመ በኋላ ነው፤ ይህ ደህና የሚመስልበት ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ ሊቆይ ይችላል። መርሳት፣ ዝምታ፣ እግር እየጎተቱ መሄድ፣ ሽንት አለመቆጣጠር፣ አንዳንዴም ፓርኪንሰን የሚመስል ግትርነት ይታያል። ቤታቸውን ከወለል ሥር በሚነድ የድንጋይ ከሰል ያሞቁ የነበሩት ኮሪያውያን ይህን በደንብ ያውቁታል። ቾይ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት ከ2,360 ተመራዦች በ65ቱ ላይ ታይቷል፤ ደህና መስለው የቆዩበት ጊዜ በአማካይ 22 ቀን ነበር። ስሌቱ ሆስፒታል በተኙት 549 ላይ ብቻ ሲሆን ድርሻው ወደ 12 በመቶ ይጠጋል።

በዚያ በሦስተኛው ሳምንት ከሰሉን የሚያስታውስ የለም። ቤተሰብ እርጅና ነው ይላል ወይም ፀበል ይወስደዋል። አልፈርድበትም፤ ማን ነገረው? ስለዚህ በጭስ የታፈነ ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላም በእነዚያ ሳምንታት ይጠየቅ እላለሁ።

ከተቃራኒ ወገን ጠንካራው ክርክር ‹‹በነጥብ እንለያቸው›› የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከደቡብ ኮሪያ የወጣው ኮጋስ የተባለው መመዘኛ አምስት ነገሮችን ይቆጥራል፦ በደም ውስጥ ያለ ክሬያቲን ካይኔዝ፣ በከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን አለመታከም፣ የንቃት ደረጃ፣ ከ50 በላይ ዕድሜ እና የደም ግፊት መውረድ። መልካም ሥራ ነው። የግፊት ክፍል በሌለበት ሆስፒታል ግን ሁለተኛው ነጥብ ለሁሉም እኩል ይሰጣል፤ ማንንም ከማንም አይለይም። ክሬያቲን ካይኔዝም ቢሆን ቀን ሙሉ ሲያርስ ወይም ሲሸከም በዋለ ሰው ላይ ያለ መርዝም ይጨምራል። መመዘኛው እዚህ ሳይፈተን ‹‹ነጥቡ ዝቅ ያለ ነውና አይመለስ›› ለማለት መዋል የለበትም።

ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ጥያቄና መልስ ነው፦ ስንት ሰዓት አደረ? ራሱን ስቶ ነበር? ዕድሜውስ? ዊቨርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ዕድሜው 36 የደረሰና 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ለጭሱ የተጋለጠ ሰው ለኋላ ችግር ይበልጥ ቅርብ ነበር። አራስ ቤት ከሰል ሲነድ እንደሚከርም ለሚያውቅ ሐኪም ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም። መልሱ ግን የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚጠየቅ እንጂ ማን ጨርሶ እንደሚተው አይደለም።

‹‹ብዙዎቹ ላይታመሙ ለምን ቀጠሮ እናብዛ?›› ለሚል መልሱ አጭር ነው፦ ስልክ ይበቃል፤ በቀበሌው ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ትችላለች። ‹‹በሽታው ከመጣ በኋላ የተረጋገጠ መድኃኒት የለውም›› የሚለው ይበልጥ ይከብዳል፤ እውነትም አለው። ቢሆንም ከሰሉ ያልተነገረው ሐኪም የአእምሮ ሕመም ብሎ ሃሎፔሪዶል ቢያዝ፣ ግትር የሆነውን ሰውነት ይበልጥ ሊያገትረው ይችላል። ቾይ ከተከታተላቸው ሕመምተኞች ሦስት አራተኛዎቹ በዓመት ውስጥ አገግመዋል። ይህን የሰማ ቤተሰብ አባቱን ለዘላለም እንዳበደ አይቆጥርም።