ጡቱ ይውጣ ወይስ ዕጢው ብቻ?

«ምርጫው የእርስዎ ነው።» በአሜሪካ ሆስፒታል ሐኪም ይህን ሲናገር ብዙዋ ኢትዮጵያዊት እናት ትደነግጣለች። በአገር ቤት ልማድ ሐኪም ያዛል፣ በሽተኛ ይቀበላል። ስለዚህም «እሱ ያላወቀውን እኔ በምን አውቀዋለሁ?» ብላ ትጠራጠራለች፤ አንዳንዷም ከድንጋጤዋ የተነሣ «በቃ ሁሉንም ይቁረጡልኝ» ትላለች። ሐኪሙ ግን ምርጫ የሚያቀርበው ስላላወቀ አይደለም። ገና ሳይስፋፋ ለተገኘ የጡት ካንሰር ሁለቱም መንገዶች ዕድሜን እኩል እንደሚጠብቁ ስለተረጋገጠ ነው።

እዚህ የተደረሰው በቀላሉ አይደለም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካዊው ሐኪም በዊልያም ሃልስቴድ ዘዴ፣ ጡቱ ከደረት ጡንቻውና ከብብት ንፍፊቶቹ ጋር ተጠራርጎ ይወጣ ነበር። ይህን ልማድ በጣሊያን ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ፣ በአሜሪካ በርናርድ ፊሸር ተፈታተኑት። ሕመምተኞቹ በዕጣ ተከፍለው የአንዱ ወገን ጡት እንዲወጣ፣ የሌላው ግን ዕጢው ብቻ ተነሥቶ ጨረር እንዲሰጥ ተደረገ። የሁለቱም ጥናቶች የ20 ዓመት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታተም፣ በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አልታየም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በፊሸር ጥናት ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር ካልወሰዱት ውስጥ፣ በ20 ዓመት ጊዜ ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ የተመለሰባቸው 39 ከመቶ ያህል ነበሩ። ጨረር ከወሰዱት ግን 14 ከመቶ ያህል ብቻ ናቸው። በዛሬው ሕክምና ቁጥሩ ከዚህም ዝቅ ብሏል። እንግዲህ ጡቷን ለማቆየት የመረጠች ሴት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጨረሩንም አብራ መርጣለች ማለት ነው። ጨረሩ ቀድሞ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ይፈጅ የነበረ ሲሆን ዛሬ ለብዙዎች ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይበቃል። ቢሆንም በሳምንት አምስት ቀን መመላለስን ስለሚጠይቅ፣ በሰዓት ተከፍሏት ለምትሠራ እናት ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ጡቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ጨረር ብዙ ጊዜ ይቀራል። ይሁን እንጂ ካንሰሩ ንፍፊት ውስጥ ከገባ ሊታዘዝ ይችላል። ኬሞቴራፒ ደግሞ የሚታዘዘው በካንሰሩ ጠባይና ደረጃ እንጂ በኦፕራሲዮኑ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ «ሁሉንም ካስቆረጥኩ ከኬሞ እተርፋለሁ» ማለት ስሕተት ነው።

ምርጫው የሚጠብባቸውም አሉ። ዕጢው በጡቱ ልዩ ልዩ ቦታ ከተበተነ፣ ያው ጡት ቀድሞ ጨረር ካገኘው፣ ወይም ካንሰሩ በዘር የሚወረስ ዓይነት ከሆነ ሐኪሙ ጡቱ እንዲወጣ ሊመክር ይችላል። ነፍሰ ጡርም ሳትወልድ ጨረር አይሰጣትም።

ጡት ማስወጣት ግድ ለሆነባትም መጽናኛ አለ። በ1998 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ጡት ለማስወጣት የሚከፍል ኢንሹራንስ ጡቱን መልሶ ለመሥራትም እንዲከፍል ያስገድዳል። ሆስፒታሉም አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን «ለእናትህ ካንሰር ነው በላት» ማለት በልጁም በእናቲቱም ላይ መጨከን ነው።

ወደ ሐኪም ሲኬድ እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፎ መያዝ ይጠቅማል፦ ዕጢው ምን ያህል ነው? ንፍፊት ውስጥ ገብቷል? ጡቴ ቢቀር ጨረሩ ስንት ቀን ነው? ጡቴ ቢወጣስ ጨረር ይቀርልኛል? ሁለተኛ ሐኪም መጠየቅም ነውር አይደለም። ለማሰብ አንድ ሁለት ሳምንት መውሰድ ብዙውን ጊዜ አይጎዳም፤ ወራት ማሳለፍ ግን ይጎዳል። ጸሎቱም ጠበሉም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል። ሰው እንዳይሰማ ተብሎ ዝም ሲባል ግን ገና በጊዜ የተገኘው ካንሰር ይስፋፋል፣ ምርጫውም አብሮ ይጠፋል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም።