አያቴ ሆይ፣ ፒያኖም ሙያ ነው



ባለፈው ሳምንት አያቴ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ የአክስቴ ልጅ ውትድርናዋን ስትጨርስ የጃዝ ፒያኖ መማር እንደምትፈልግ ተናገረች። ቤቱ ጭጭ አለ። አያቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ያን ሁሉ መከራ አይተን እዚህ የደረስነው አንቺ አዝማሪ እንድትሆኚ ነው?» አሏት። ልጅቷ አቀረቀረች። እኔም በሽማግሌ ፊት አፍ መክፈት ነውር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን ዛሬ ልጻፈው።

እስቲ የጋሽ ሙላቱ አስታጥቄን ታሪክ ላጫውታችሁ። በ1943 እ.ኤ.አ. ጅማ ተወለዱ። ቤተሰባቸውም ልክ እንደ እናንተ «ልጃችን መሐንዲስ ይሁን» ብሎ ወደ ዌልስ ላካቸው። እዚያ ግን ልባቸውን ሙዚቃ ወሰደው። ለንደን ተማሩ፣ ከዚያም አሜሪካ ተሻግረው ቦስተን ያለው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እሳቸው እንደነበሩ ይነገራል። ፒያኖም፣ ቫይብራፎን የሚሉትን በበትር የሚመታ መሣሪያም ይጫወታሉ።

ታዲያ ፈረንጅ ሆነው ቀሩ ወይ? አልቀሩም። እናንተ ከልጅነታችሁ የምታውቋቸውን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ ከጃዝ ጋር አጋቡ። ሥራው ቀላል አልነበረም። የእኛ ቅኝት በ5 ድምፅ ይሄዳል፣ ጃዙ በ12። አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኢትዮ ጃዝ የሚባለው እንዲህ ተወለደ። በ1973 ታላቁ አሜሪካዊ ፒያኖ ተጫዋች ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጡ ከጋሽ ሙላቱ ጋር ሠርተዋል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የሌሊቱ ጨዋታ ቀዘቀዘ። ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ የኖራችሁበት ዘመን ነው። ዓለም ጋሽ ሙላቱን እንደገና ያወቃቸው በ1998 የድሮ ሥራዎቻቸው ፈረንሳይ አገር ሲታተሙ፣ በ2005 ደግሞ ሙዚቃቸው በአሜሪካ ፊልም ውስጥ ሲሰማ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 60 አልፎ ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ከዝናው በኋላ ያደረጉት ነው። አዲስ አበባ ጊዮን ሆቴል ውስጥ አፍሪካን ጃዝ ቪሌጅ የሚባል ክለብ ከፈቱ። ክለብ ስል መጠጥና ሁካታ ብቻ አይምሰላችሁ። መድረክ ያጣ ልጅ ቤቱ ብቻውን ይለማመድና አንድ ቀን ይተወዋል። ቤት ሲኖር ግን ከአንጋፋው ጎን ይቀመጣል፣ ይሰማል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል። አቻ አደረግሽው አትበሉኝ እንጂ፣ የእኛ ቄሶችስ ጸሎቱን የተማሩት ከታላላቆቻቸው ጎን ቆመው፣ በጆሯቸው ሰምተው አይደል?

የአያቴ ስጋት ከንቱ ነው አልልም። የሙዚቃ እንጀራ ስስ ነው፣ የቤት ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም። ልጅቷ ሌላ ሙያም ትያዝ ቢሏት እስማማለሁ። «አዝማሪ» ብሎ ማሳፈር ግን ሌላ ነገር ነው። እዚሁ አገር ሳክስፎን ተጫዋቹ አባተ በሪሁን ከፒያኖ ተጫዋቹ ይጽሐቅ ይዲድ ጋር «ራስ ዳሸን»ን ሠርተዋል። ዜማችን እዚህም ከፒያኖ ጋር መቀመጥ ይችላል ማለት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ እኛ ስንንቀው ሌላው ያከብረዋል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የልጅ ልጃችሁ ስትጫወት ሄዳችሁ ከፊት ተቀመጡ። ጣቷን ፒያኖው ላይ እንዴት እንደምታሳርፍ አስተማሪዋ ያሳያታል። አምባሰሉን ስታበላሸው ግን «እንደሱ አይደለም ልጄ» የሚላት ከእናንተ በቀር ማን አለ?