ኳሷ ሄዳለች፣ እግሩ ግን እዚያው ነው

ሐራ ላይ ኳስ ያየ ሰው ይህችን ነገር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ኧረ ኳሷን ብሎ ነው የገባው!» ተከላካዩ ኳሷን ጠልዟል። የመታበት እግሩ ገና አየር ላይ ነው። አጥቂው በሸርተቴ ይመጣና የቆመበትን እግር ያጭደዋል። ዳኛው ግን የለም፤ ኳሷን ተከትሎ ወደ ሌላኛው ጎል ሮጧል።

ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የበዓል ውድድር እንዲህ የወደቀው የአክስቴ ልጅ ነው። ቅልጥሙ ተሰበረ። ፊሽካ አልተነፋም። ማሽላው ሲደርስ እሱ ጀሶ ታስሮለት ደጅ ተቀምጦ ነበር፤ ያጨዱለት ጎረቤቶች ናቸው። የገባበት ልጅ ሊጠይቀው መጣ። «አብሽር፣ ኳሷን ብዬ ነው እኮ» አለው። አምነዋለሁ፣ ክፋት አልነበረውም። ሕጉ ግን ስለ ክፋት አይጠይቅም።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ሕግም ሳነብ እንደ ኮድ ነው የማነበው። የእግር ኳስ ሕግ አንቀጽ 12 ሦስት ደረጃ አለው። አገባብህ ጥንቃቄ ከጎደለው ቅጣት ምት፣ የሌላውን አደጋ ከምንም ካልቆጠርክ ቢጫ ካርድ፣ ከልክ ያለፈ ኃይል ከተጠቀምክ ቀይ። በቃ። «ኳሷን ከነካ ይለፍ» የሚል መስመር የትም የለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሕግ ውስጥ የሚቀራረብ ነገር ነበር፦ ከኳሷ በፊት ተጋጣሚን መንካት ለብቻው ጥፋት ተብሎ ተዘርዝሮ ነበር። በኋላ ተሰርዟል። እኛ የተሰረዘውን መስመር ገልብጠን አሁንም እያስኬድነው ነው።

«ንክኪ የሌለበት ኳስ የሴት ወይዘሮ ጨዋታ ነው» የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ በንክኪ የሚታወቀውን እንይ። በአሜሪካ ፉትቦል ሰው ሰውን ጥሎ መነሳት ሥራው ነው። እዚያ ፓንተር የሚባል ተጫዋች አለ፤ ኳሷን ከእጁ ለቅቆ አየር ላይ እንዳለች ይጠልዛታል። ይህን ሰው ሕጉ እንደ እንቁላል ነው የሚጠብቀው። የመታበትን እግር ብትነካ ቡድንህ 5 ያርድ ይቀጣል። የቆመበትን እግር፣ ሌላኛው አየር ላይ እያለ ብትመታ ግን 15 ያርድ ነው፤ ኳሷም ከነሱ ጋር ትቀራለች። ዋናው ዳኛ ኳሷን ትቶ ዓይኑን ሰውዬው ላይ ይተክላል። በእርግጥ ኳሷን ቀድሞ የነካት ሰው ከዚያ በኋላ ሳያስበው ቢጋጭ ምሕረት አለው። «ኳሷን ብዬ ነው፣ አልደረስኩም እንጂ» ለሚል ግን ምሕረት የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በአንድ እግሩ የቆመ ሰው መሸሽም መዝለልም አይችልም።

ትልልቆቹም ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ሴቪያ ላይ፣ ፈረንሳዊው ባቲስቶን ኳሷን ከመታ በኋላ የምዕራብ ጀርመኑ በረኛ ሹማከር ዘልሎ ተጋጨው። ባቲስቶን ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ጥርሱ ወለቀ፣ የአከርካሪ አጥንቱ ተጎዳ። የዳኛው ውሳኔ? የግብ ምት። ኳሷ የት እንደወጣች በትክክል ታይቷል፤ ሰውዬው ግን ተረስቷል።

የኛ ዳኞች ብቻቸውን እንደሆኑ አውቃለሁ። ረዳት የለ፣ አበል የለ፣ ተመልካቹ መስመሩ ላይ ቆሞ ይሰድባል። ሚያዝያ 2010 ላይ በፕሪምየር ሊጉ እንኳ ዋና ዳኛ በአንድ ቡድን አመራር ተመትቶ ሊጉ ተቋርጦ ነበር። ፍርሃታቸው እውነት ነው። የምጠይቀው ግን ቪኤአር አይደለም። ወልድያ ስታዲየም አለ፤ እኛ አቧራ ላይ ነው የምንጫወተው፣ ይሁን። የምጠይቀው አንድ ሰከንድ ነው። ኳሷ ከተጠለዘች በኋላ የመቺው ሁለት እግር መሬት እስኪነካ ድረስ ዓይን እሱ ላይ ይቆይ። ኳሷ አትጠፋም፤ የት እንደወደቀች ሁለት መቶ ሰው ይነግርሃል። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊትም አምበሎቹ ተጠርተው «ኳሷን ብዬ ነው ማለት እዚህ አይሠራም» ይባሉ።

ሌላው ድርሻ የኛ የተመልካቾቹ ነው። የራሳችን ልጅ ሲያጭድ «ኳሷን ነው!» ብለን የምንጮኸው እኛ ነን፤ ዳኛውን የምናስፈራው እኛ ነን። ሰባራው እግር ሐኪም ቤት ሲሄድ ግን ወጪውን የምታዋጣው እናቱ ናት። በሚመጣው በዓል ሜዳው ዳር ስትቆም፣ ከመጮህህ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዙርና ጠላዡ ተነሥቶ እንደሆነ እይ።