ከቺፑድ አዲስ የዋንዛ አሮጌ

ወጥ ቤቷን ልታድስ የተነሳች ጎረቤቴ ያገለገለ የዋንዛ ቁምሳጥን አግኝታ ዋጋ ተነጋግራ ነበር። አንድ የፈርኒቸር ነጋዴ «ያገለገለ አይበረክትም፤ ገንዘብሽን ነው የምትጥይው» አላትና ሐሳቧን አስቀየራት። ይህን የሚለው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያድሰው ሁሉ ይህንኑ እየደገመ ደህናውን ዕቃ ነቅሎ ይጥላል።

አይበረክትም! ከምኑ አንሶ ነው የማይበረክተው?

አዲስ እየተባለ የሚሸጥልን በአብዛኛው ቺፑድ ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨፍልቆ 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ይሆናል፤ ላዩ ደግሞ እንጨት በሚመስል ስስ ሽፋን ይለበጣል። ሳሎን ውስጥ ከውኃ ርቆ ሊቆይ ይችላል። ወጥ ቤት ግን የውኃና የእንፋሎት ቤት ነው። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ውኃው በጠርዙ ይገባል፣ ቺፑዱም መጥጦ ያብጣል። አንዴ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም። ብሎኑ የያዘበት ቀዳዳ ይላላል፣ ማጠፊያው ይነቀላል፣ በሩ ይዘማል። አናጢ ቢጠራ የሚላግ አካል አያገኝም፤ ብትልጉት ከሽፋኑ ሥር ያለው ፍቅፋቂ ነው።

ዋንዛ ግን ሲቆሽሽ ይላጋል፣ ሲደበዝዝ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ማጠፊያው ሲያረጅ በአዲስ ይተካል። ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። የምጣድ እንፋሎትና የወጥ ጭስ ለዓመታት ችሎ መገጣጠሚያው ያልተናጋ ቁምሳጥን ፈተናውን አልፏል። ቺፑዱ ገና አልተፈተነም። ያልተፈተነው ያልፋል፣ ያለፈው ይወድቃል የሚል ሰው ምን ዓይነት ሚዛን ይዞ ነው?

ደግሞስ ያን እንጨት ዛሬ ከየት ያመጣዋል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከፈረሰ ቤት ወጥቶ የአሮጌ ዕቃ ገበያው ምናለሽ ተራ የደረሰውን የዋንዛ ጣውላ «አሮጌ» ብሎ ለማገዶ የሚሰጥ ሰው፣ አገር እየተመናመነብኝ ነው ብላ በአዋጅ የጠበቀችውን ዛፍ ሁለተኛ ጊዜ እየቆረጠ ነው። ይህ ያናድዳል፤ ሊያናድደንም ይገባል።

ያገለገለ ሁሉ ይገዛ አላልኩም። ያገለገለ ቺፑድ ያው ቺፑድ ነው፤ ተዉት። መሳቢያውን አውጥታችሁ ጀርባውንና ታችኛውን እዩ፤ ነቀዝ የበሳው፣ ውኃ ያጠቆረው ካለ እለፉት። ልኩ አልገጥም ካለም እንጨት ነውና አናጢ ይቆርጠዋል፣ ይቀጥለዋል። የሚመረመረው የተሠራበት ነገርና አሠራሩ ነው፤ ዕድሜው ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ነጋዴው የእኔን ግዙ ቢል አልፈርድበትም፤ እንጀራው ነው። ያገለገለውን «አይበረክትም» ብሎ ሲያስጥል ግን ምስክርነት እየሰጠ ነውና በቃሉ ይጠየቅ። የሚሸጠው ቺፑድ ከዕቃ ማጠቢያ ሥር አሥር ዓመት ሳያብጥ እንደሚቆም፣ ካበጠም በራሱ ወጪ እንደሚቀይር ጽፎ ይፈርም። ካልፈረመ ዋንዛ የሚገዛውን ሰው ይተወው።