ሲኒማን ከልጆች ጋራ ስለ ማየት

ሲኒማ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ መሰየሙ የታወቀ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በነጭ ግድግዳ ላይ ፈረስ ሲጋልብ፣ ሰውም ሲስቅ ያየ ሕዝብ የነገሩን ብልሃት ሳያውቅ እንዲህ ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም። ዛሬ ግን ያ ቤት ታጥፎ በሰው ኪስ ገብቷል። በላስታ ተራራ ግርጌ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሳይቀር በባሕር ማዶ የተሠራውን ጨዋታ በስልክ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ሲኒማ ይግባ ወይስ አይግባ እያሉ የመከራከሪያው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ የቀረው ጥያቄ ልጁ ሲያይ አጠገቡ ማን ተቀምጧል የሚለው ነው። ይህንንም ለመጻፍ ያነሣሣኝ በላሊበላ ከተማ በገዛ ቤቴ ከቤተ ሰቤ ጋራ ሁለት ታላላቅ ፊልሞች ያየሁባቸው ሁለት ምሽቶች ናቸው።

ፊልሞቹን በፍላሽ ይዞ የመጣው ለዕረፍት ከአዲስ አበባ የመጣው የእኅቴ ልጅ ነው። ከእኔና ከባለቤቴ በቀር እናቴ፣ 11 ዓመት የሆናት ልጄ፣ 7 ዓመት የሆነው ወንድሟ፣ እንዲሁም ቤታችንን ሊባርኩ የመጡት የነፍስ አባታችን ተቀምጠው ነበር። አባታችን በመጀመሪያ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ፤ ኋላ ግን፣ ይህን በመናገሬ ይቅር ይበሉኝና፣ ወንበራቸውን ከማናችንም ይልቅ ወደ መስኮቱ ያቀረቡት እሳቸው ነበሩ። የእኅቴ ልጅ እንግሊዝኛውን እየተከተለ ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር።

በመጀመሪያው ምሽት ያየነው በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. ለዓለም የቀረበው «ሙፋሳ» የሚባለው የአንበሶች ታሪክ ነው። ያዘጋጀው ባሪ ጄንኪንስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በፊልሙ ውስጥ ነፍስ ያለው አንበሳ አንድ ስንኳ የለም፤ ሁሉም ጠጕራቸውና እስትንፋሳቸው ሳይቀር በኮምፒዩተር የተሣሉ ናቸው። ይህን ለእናቴ ማስረዳት አልተቻለኝም። «አሠልጣኛቸው ማነው?» እያሉ ጠየቁኝ፤ እኔም በመጨረሻ «ብዙ ሰዎች ናቸው» ብዬ ተውሁት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሙፋሳ ገና ግልገል ሳለ ጐርፍ ከወላጆቹ ለይቶ ይወስደዋል፤ ታካ የሚባለውም የአንበሳ ልጅ ያገኘዋል፤ የታካም እናት ባሏ እየከለከላት እንግዳውን ከልጇ ጋራ ታሳድገዋለች። እናቴ ይህን ሲሰሙ «የጡት ልጅ ነዋ!» ብለው ነገሩን ከእኛ ቀድመው ተረዱት። ጠቡ የተነሣው የክፉዎቹ ነጫጭ አንበሶች አለቃ ስሙ ኪሮስ መሆኑ በተነገረ ጊዜ ነው። እናቴ ተቈጡ። ኪሮስ የጻድቅ ስም ነው፤ በአገራችንም ስንት ገብረ ኪሮስ፣ ስንት ኪሮስ አለ! የነፍስ አባታችንም «ስሙን ያወጡለት ሰዎች አያውቁትም፣ አይፍረዱባቸው» ብለው ቢያረጋጓቸው፣ እናቴ እስከ መጨረሻው ድረስ ያን አንበሳ «ያ ነጩ» ብቻ ሲሉት አመሹ። እንዲህ ያለው ነገር ያስቃል፤ ነገር ግን የሌላ አገር ሰው ሕልም በእኛ ቤት ሲገባ የእኛን ስምና ትዝታ እንደሚነካ ያሳያል።

ታካ በቅናት ተነሣሥቶ አብሮት ያደገውን ወንድሙን ለጠላት አሳልፎ በሰጠ ጊዜ በቤቱ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት ወደ ከተማችን መድረሱን፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ስንት ወር እንደ ተቀመጥን አንባቢ ያስታውሳል። የ7 ዓመቱ ልጄ «ወንድሙ አይደለም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ለአያቱ ተውሁላቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ራሱን ከመዳሰስ በቀር ምንም አልተናገሩም።

በሁለተኛው ምሽት በ2010 ዓ.ም. የወጣውን «ብላክ ፓንተር» አየን። ዕድሜው ጥቂት ቢገፋም በቤታችን አዲስ ነበር። ያዘጋጀው ራያን ኩግለር ነው፤ በዓለም የሲኒማ ቤቶችም ከ1 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። የሚያሳየውም ዋካንዳ የምትባል በአፍሪካ መካከል የተሰወረች፣ ማንም ያልገዛት፣ በጥበብ ከዓለም የበለጠች አገር ናት። «ያልተገዛች አገር ለማየት ይህን ያህል ገንዘብ ከፈሉ?» አሉ እናቴ። ልጄ ደግሞ ከዋካንዳ ሽማግሌዎች አንዱ በከንፈሩ ሸክላ አድርጎ ባየች ጊዜ፣ ሙርሲና ሱርማን በትምህርት መጽሐፏ አይታ ነበርና፣ «ይህማ የእኛ ነው!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። የተኵሱ ድምፅ ሲበረታ ግን ማንም ሳያዛት ሄዳ ድምፁን ቀነሰችው፤ ወንድሟም ወደ አያቱ ጭን ተጠጋ። ለሌላ አገር ልጅ የተኵስ ድምፅ ጨዋታ ነው። የእኛ ልጆች ጆሮ ግን የተማረውን ተምሯል፤ የፊልም ነጋዴ ይህን ሊያውቅልን አይችልም፤ ማወቅ ያለበት ወላጅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የሙዚየሙ ነገር ነው። ኪልሞንገር የሚባለው፣ በሕፃንነቱ አባቱ የተገደለበትና በባዕድ አገር ተጥሎ ያደገው ሰው፣ ወደ አንድ የእንግሊዝ ሙዚየም ገብቶ የአፍሪካ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ ያያል። አያቶቻችሁ ይህን በዋጋው ገዝተውት ነውን ብሎ ጠባቂዋን ይጠይቃታል። ከዚያም ሴትዮዋ በመርዝ ትሞታለች፤ እሱም የፈለገውን ይዞ ይሄዳል። ልጄ ወደ እኔ ዞራ «አባዬ፣ ይህ ሰው ክፉ ነው ወይስ ደግ?» አለችኝ።

መልሱን የያዙት የነፍስ አባታችን ነበሩ። በብዙዎቹ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ልጄ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምራ ታውቃለች። አባታችንም «አየሽ፣ እነዚህ ሰዎች ለዚህ ሰው ሁለት ዓይን ሰጥተውታል፤ ስለዚህ በዓይን አይለይም። የተናገረውን ከሠራው ለይተሽ መዝኚው» አሏት። በትልቅ ጉባኤ ላይ እንኳ ስለ ሲኒማ ከዚህ የበለጠ ትምህርት መስማቴን እጠራጠራለሁ።

የተናገረው እውነት ነውና። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ጭኖ ከወሰደው ብዙ ንብረት መካከል የሆኑ ታቦታት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ሙዚየሙ በጠቅላላ 11 ታቦታት አሉት፤ ለሕዝብም አያሳያቸውም። 11 የሚለውን ቍጥር የላሊበላ ሰው ሲሰማ ልቡ የሚሄደው ወደ 11ዱ ቤተ መቅደሶቹ ነውና እናቴ ቍጥሩን ደግሜ እንድነግራቸው አደረጉኝ። ከዚያም ለልጆቹ የራሳችንን ታሪክ ነገርኋቸው። «አፍሮ አይገባ» የሚባለው መስቀል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ነበር፤ ወደ ቤልጅየምም ተሻግሮ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ከተገኘ በኋላ በ2001 ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለመመለሱ ማንም መርዝ አልጠጣም። ልጄ ጥቂት ዝም ብላ «ያ ግን አንድ መስቀል ነው፤ ሌላውስ?» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

የሚያሳፍረኝን ነገር ደግሞ ልናገር። ምሽቱ ሲያልቅ ልጄ የአክስቷን ልጅ «ይህን ፊልም በስንት ገዛኸው?» ብላ ጠየቀችው። አልገዛውም ነበር፤ ከጓደኛው ፍላሽ የተገለበጠ ነው። የተሰረቀ ዕቃ ይመለስ የሚለውን ፊልም በተሰረቀ ግልባጭ ስናይ ያመሸን እኛ ነን። ያን ሌሊት የእኅቴ ልጅም እኔም እርስ በርሳችን አልተያየንም።

ስለዚህ የምለው ለሁለት ወገን ነው። በመጀመሪያ ለካህናት አባቶቻችን ነው፤ ሥዕል ሳይተረጐም ለሕዝብ እንዳይቀርብ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ማንበብ ለማይችል ምእመን በግድግዳ ላይ ያለውን ሁሉ በመቋሚያ እያመለከታችሁ ይህ ማን ነው፣ ያ ስለ ምን ወደቀ እያላችሁ ስትነግሩ ኖራችኋል። የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ሲመጣ ዝም ብትሉ ልጁ ያለ ተርጓሚ ይቀራል። እርግጥ ሁሉም ፊልም ለልጅ አይሆንም፤ ጨርሶ መከልከል የሚገባውም ብዙ አለ። ነገር ግን የከለከሉትን ለይቶ ለመናገር አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ለከተማው ሹማምንት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ለባለቤቱ የሚገባው ዋጋ ተከፍሎ፣ ቤተ ሰብ አብሮ የሚያየው ፊልም ቢዘጋጅ ወጪው ብዙ አይሆንም። የውጭውን ብቻ ማለቴም አይደለም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው፤ ለአዋቂዎች ይሁን። ለልጆች ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» አለ፤ በ2015 በካን የፊልም በዓል በይፋዊው ምርጫ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ እናቱ የሞተችበትና ወደ ዘመድ ቤት የተላከ ልጅ ከሚወዳት በጉ ጋራ የሚያሳልፈው ኑሮ ነው፤ አጐቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። የላስታ ልጅ ይህን ሲያይ የሚተረጕምለት አያስፈልገውም።

ልጆቼ ይህን ፊልም ገና አላዩትም። በትክክለኛ ዋጋው ገዝቼ ላሳያቸው ተነጋግረናል፤ የነፍስ አባታችንም ቀኑን እንድነግራቸው አዝዘውኛል። እናቴ ግን ከመቀመጣቸው በፊት በጓ ትታረዳለች ወይስ አትታረድም ብለው አጥብቀው እየጠየቁኝ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ድረስ አልነገርኋቸውም።