«ማይክሮስኮፕ የለም» ብሎ መቀመጥ ይብቃን

ብዙዎቻችን ማይክሮስኮፕን የምናውቀው በሥዕል ነው። ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ሳለን ክፍሎቹን ስለን፣ ስማቸውን ጽፈን፣ በፈተና ሙሉ ማርክ አግኝተንበታል። መሣሪያው ራሱ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ያየንበት በጣት የምንቆጠር ነን። ነገ እኛው አስተማሪዎች ሆነን ስንወጣ ያንኑ ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ልንስል ነው ማለት ነው። ይህ ጉዳይ ሊያሳስበን ይገባል እንላለን።

«ታዲያ ምን እናድርግ? መሣሪያ የለም እኮ!» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። መሣሪያው ባይኖርም የተሠራበትን ሐሳብ ማስተማር ይቻላል። አንድ ምሳሌ እናቅርብ።

ተራው ማይክሮስኮፕ ናሙናውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያበራዋል። ስለዚህ ልናይ ከምንፈልገው ቦታ በላይና በታች ያለው ብርሃን ሁሉ አብሮ ይመጣና ምስሉን ያደበዝዘዋል። አሜሪካዊው ማርቪን ሚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1957 ለዚህ መላ አቀረበ፦ አንዲት ነጥብ ብቻ ማብራት፣ የሚመለሰውንም ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ አሳልፎ የቀረውን ማገድ። ምስሉ ይጠራል። ግን በአንድ ጊዜ የሚታየው አንዲት ነጥብ ስለሆነ ናሙናውን ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ ሁሉንም ማዳረስ ግድ ነው፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል።

የገበሬ ልጆች የሆንን ነገሩን በቀላሉ እንረዳዋለን። በሬ ሲያርስ ትልሙ ጫፍ በደረሰ ቁጥር ይቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይጀምራል። አውድማ ላይ ሲያበራይ ግን ሳይቆም ይዞራል። የቼኮዝሎቫኪያ ሳይንቲስቶች ሞይሚር ፔትራንና ሚላን ሃድራቭስኪ በ1960ዎቹ የመረጡት የአውድማውን መንገድ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ዲስክ በማይክሮስኮፕ ውስጥ አሽከረከሩ። እያንዳንዱ ቀዳዳ የራሱን መስመር ይጠርጋል፤ ዲስኩ ሲፈጥን መስመሮቹ ተጋጥመው ሙሉ ምስል ይሆናሉ። ጉድለትም ነበረበት፤ አብዛኛውን ብርሃን ዲስኩ ራሱ ይጋርደዋል። በ1990ዎቹ ዮኮጋዋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ብርሃኑን ወደየቀዳዳው የሚሰበስቡ ትናንሽ ሌንሶች ያሉት ሁለተኛ ዲስክ ጨመረበት። ዛሬ ተመራማሪዎች በሕይወት ያለ ሕዋስ ሲንቀሳቀስ የሚያዩበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። ይህን ባለ ቀዳዳ ዲስክ መጀመሪያ ያሰበው ማነው? ፓውል ኒፕኮ የሚባል የበርሊን ተማሪ ነው! እ.ኤ.አ. በ1884 የፈጠራ መብት ሲጠይቅ ዕድሜው ገና 23 ነበር፤ ከኛ ብዙም አይበልጥም። ያሰበውም ለማይክሮስኮፕ ሳይሆን ምስልን በኤሌክትሪክ ወደ ሩቅ ለመላክ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ እኛም ሞከርነው። ካርቶን በክብ ቆርጠን 16 ቀዳዳ በምስማር በሳን፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከፊተኛው በአንድ ቀዳዳ ስፋት ወደ መሀል ቀረብ ይላል። በሌላ ካርቶን ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ቀዳዳ ብቻ የምታሳይ ትንሽ መስኮት ከፍተን ከፊቱ አቆምን። ስስ ወረቀት ላይ «ሀ» ብለን በወፍራሙ ጻፍንና የክፍሉ መስታወት ላይ ለጠፍን። ዲስኩ ቆሞ ሳለ የታየን ነጥብ ብቻ ነው። ስናሽከረክረው «ሀ» ብቅ አለች! ሲስቁብን የነበሩት ሁሉ ተራ ያዙ።

ካርቶናችን ምንም አያጎላም፤ ማይክሮስኮፕንም አይተካም። ስለዚህ መሣሪያ ይሟላልን ማለታችንን አንተውም። እስኪሟላ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። መምህሮቻችንም በፈተና «ክፍሎቹን ጥቀሱ» ብቻ ሳይሆን «እንዴት ይሠራል?» ብለው ቢጠይቁን፣ እያንዳንዳችንም ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት አንድ የትምህርት መርጃ መሣሪያ በእጃችን ሠርተን ብናስረክብ መልካም ነው እንላለን።

ካርቶኑ ከዚህ ጋዜጣ ሥር ተሰቅሏል። አሽከርክሩና እዩ። ተሳስታችኋል የሚለን ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍብን።